ከግቢዬ አበባ እስላለሁ፤ ወቅቱ ሲያልፍ ግን ባዶ እጄን እቀራለሁ

ጥያቄ፦ «ግቢዬ ውስጥ ጽጌረዳ፣ ዳሊያ፣ አይሪስና ሃይድራንጂያ አሉኝ፤ ሁሉንም ተክዬ ያሳደግኳቸው ራሴ ነኝ። የምሠራው በውሃ ቀለም ነው። አበባ ሲፈካ ተነሳስቼ እጀምራለሁ፤ ግን ስዕሉን ሳልጨርስ አበባው ይጠወልግብኛል። በፎቶ ልጨርሰው ስል ስዕሉ ሕይወት ያጣል፤ ሐምራዊው ቀለምማ ጭራሽ አይመጣልኝም። ወቅቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ የመሳል ፍላጎቴም አብሮ ይጠፋል፤ ለወራት ብሩሽ አልነካም። ብዙ ዓይነት አበባ ብተክል ይሻለኛል? ወይስ አበባ እያደረቅኩ ላስቀምጥ?»

ምላሽ፦ ቁርጡን ልንገርሽ፤ ለዚህ ችግር ብለሽ ተጨማሪ አበባ አትትከይ። አራት ዓይነት አበባ ለአንድ ሰዓሊ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ያለው አሠራርሽ ላይ ነው።

ከጥያቄሽ ሁለት ነገር አነበብኩ። አንደኛ፣ አበባው ፊት ተቀምጠሽ እዚያው ወረቀት ላይ ያለቀለት ስዕል ልታወጪ ትሞክሪያለሽ። ሁለተኛ፣ አበባ ማለት ላንቺ ሙሉ በሙሉ የፈካው፣ ፊቱን ወዳንቺ ያዞረው አበባ ብቻ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ በዓመት ውስጥ የምትሠሪበት ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ይሆናል። ወቅቱ ሲያልፍ ፍላጎትሽ የጠፋ ይመስልሻል። እኔ እንደማየው ግን ፍላጎትሽ አለ፤ የሌለው የምትሠሪበት ነገር ነው፤ አበባው እያለ ምንም አላጠራቀምሽማ።

ጥናትና ስዕል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጥናት የምለው አበባው በሕይወት እያለ፣ ለማንም ለማሳየት ሳታስቢ፣ መረጃ ለመያዝ ብቻ የምትሠሪውን ነው። የቀለም ናሙና ሊሆን ይችላል፣ የአንዲት ፔታል (የአበባው ቅጠል) እጥፋት ሊሆን ይችላል፣ ግንዱ የሚጎብጥበት ቦታ ወይም እምቡጡ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት አንገት ሊሆን ይችላል። ስዕሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በማግስቱ ሊሆን ይችላል፣ ከስድስት ወር በኋላም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ በአንድ ጊዜ ልትሠሪ ስትሞክሪ አበባው ይቀድምሻል፤ ሁሌም ይቀድምሻል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ የአበባ ስዕሎችን ብታዪ በአንድ ማስቀመጫ ውስጥ በተለያየ ወቅት የሚያብቡ አበቦች አንድ ላይ ፈክተው ይታያሉ። እነዚያ አበቦች በአንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። ብዙዎቹ ሰዓሊዎች እያንዳንዱን በወቅቱ አጥንተው ያስቀምጡና ኋላ ያዋህዱት ነበር። አንዳንዱ ደግሞ አበባው በአካል ካልመጣ አልስልም ብሎ ይጠብቅ ነበር። ያን ቫን ሃይሰም የሚባለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዓሊ ቢጫ ጽጌረዳ ስላላገኘ ሥራውን መጨረስ እንዳልቻለ ለደንበኛው ጽፏል። ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው አንዱ የአበባ ስዕሉ ላይም ሁለት ዓመት ነው የተጻፈው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1736 እና 1737። አንድ ስዕል ለመጨረስ የሚቀጥለውን ወቅት መጠበቅ በሙያው ውስጥ ያለ ነገር ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ሳይጨርሱ መተው አያሳፍርም።

ተቃራኒው መንገድም አለ። ሆላንዳዊው ሰዓሊ ቫን ጎግ በ1888 ነሐሴ ፈረንሳይ ውስጥ አርል ከተማ ላይ የሱፍ አበባዎቹን ሲስል አበባው ቶሎ ስለሚጠወልግ ከማለዳ ጀምሮ በፍጥነት፣ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ ይሠራ ነበር። ይሄም ያዋጣል፤ ግን ወፍራም የዘይት ቀለም ላይ ነው በደንብ የሚያዋጣው። አንቺ በውሃ ቀለም ንብርብር በንብርብር የምትሠሪ ከሆነ፣ አንዱ ንብርብር ደርቆ ሌላው እስኪገባ ድረስ አበባው አይጠብቅሽም። ስለዚህ ላንቺ የሚሆነው የመጀመሪያው መንገድ ነው፤ አጥኚ፣ አስቀምጪ፣ ኋላ ሳዪ።

አሁን ወደ መጠውለጉ እንምጣ፤ እዚህም ላይ ብዙ ሰው የተሳሳተ ግምት አለው። የተቆረጠ አበባ የሚሞተው ውሃ ስላጣ ብቻ አይደለም። የተቆረጠው ጫፍ ውስጥ አየር ይገባና የውሃውን መንገድ ይዘጋዋል። ማስቀመጫው ውስጥ ባክቴሪያ ይራባና እሱም ይዘጋዋል። አጠገቡ የበሰለ ፍራፍሬ ካለ ደግሞ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይሄ ጋዝ ብዙ አበባን ያለጊዜው ያስረጃል። መፍትሔው ቀላል ነው። በጠዋት ቁረጪ፤ በስለታም መቁረጫ ግንዱን አጋድለሽ ቁረጪ፤ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ አራግፊ፤ ውሃውን በየቀኑ ቀይሪ፤ ሌሊት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አሳድሪው። ስትስዪም ከመስኮት ፀሐይ አርቂው፤ ሙቀት አበባውን ዓይንሽ እያየ ይከፍተዋል፣ ቅርጹ ከመጀመሪያው መስመርሽ ጋር መግጠም ያቆማል።

ያሉሽ አበቦች ግን ጠባያቸው ይለያያል። ጽጌረዳን ገና መከፈት ሲጀምር ብትቆርጪው ማስቀመጫ ውስጥ ይከፈታል፤ ስለዚህ የመከፈቱን ደረጃዎች ሁሉ ጠረጴዛሽ ላይ ታገኚያለሽ። ዳሊያ እንዲህ አይደለም፤ በእምቡጡ ከተቆረጠ እዚያው ይቀራል፣ ስለዚህ ከፈካ በኋላ ነው የሚቆረጠው። ሃይድራንጂያ ድንገት አንገቱን ቢደፋ አትጣዪው። ግንዱን እንደገና ቆርጠሽ አበባውን በሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ንከሪው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል።

አይሪስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጥያቄሽን በሙሉ የሚመልሰው እሱ ነው። እምቡጡ ተጠምዝዞ ነው የሚወጣው፤ ጫፉም ከተከፈተው አበባ ይልቅ ጠቆር ይላል። ሲከፈት ሦስቱ ፔታሎች ወደ ታች ይወድቃሉ፣ ሦስቱ ወደ ላይ ይቆማሉ። ጢም ያለው ዓይነት ከሆነ በወደቁት ላይ ጸጉር የመሰለ መስመር ታያለሽ፤ ብዙ ጊዜ ቢጫ ነው፤ በሐምራዊው መሃል ዓይንን የሚጠራው እሱ ነው። አንዱ አበባ ቢቆይ ሁለት ወይ ሦስት ቀን ነው። ሲያልፍ ፔታሎቹ አንድ በአንድ አይረግፉም፤ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ይረጥባል፣ ሐምራዊው ወደ ጥቁር ይጠጋል። በአንድ ግንድ ላይ ግን ብዙ እምቡጦች በተራ ስለሚከፈቱ በአንድ ጠዋት እምቡጡን፣ የፈካውንና ያለፈውን ጎን ለጎን ታያለሽ። አንቺ ከሦስቱ መሃል አንዱን ብቻ ነበር የምትስዪው። እኔን ብትጠይቂኝ ከሦስቱ በጣም የሚያምረው የተጠቀለለው ነው፤ ቀለሙ ጥልቅ ነው፣ መስመሩም የተወሳሰበ ነው፣ ደግሞ ብዙም ሰው አይስለውም።

አበባው ፊት ስትቀመጪ ከመስመር አትጀምሪ። ከቀለም ጀምሪ። ቅርጹን በኋላም ከፎቶ ልትመልሺው ትችያለሽ፤ ቀለሙን ግን ከፎቶ አታገኚውም፣ ከትውስታ ደግሞ ጭራሽ። ቀለሙን ደባልቀሽ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀቢ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ፔታሉ አጠገብ ይዘሽ አስተያዪ። ይድረቅ ያልኩት የውሃ ቀለም ሲደርቅ ስለሚፈዝ ነው፤ እርጥብ ሆኖ የገጠመው ሲደርቅ አይገጥምም። ከጎኑ የተጠቀምሽባቸውን ቀለሞች ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ጻፊ። ቀጥሎ በእርሳስ ፈጠን ያለ ንድፍ፤ የአበባው አጠቃላይ አቋም፣ ክብደቱ ወዴት እንዳዘነበለ። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም የአንድ ወይ የሁለት ፔታል ዝርዝር ብቻ። ቀሪዎቹን ከዚያ ተነስተሽ ትገነቢያቸዋለሽ።

ፎቶን ጨርሶ ተዪ አልልሽም፤ ግን የማይችለውን አትጠብቂበት። ስልክሽን አበባው ላይ አስጠግተሽ ስታነሺ የቅርቡ ፔታል ያብጣል፣ የሩቁ ይኮስሳል። ስዕልሽ ሕይወት ያጣው በከፊል ለዚህ ይመስለኛል፤ የሌንሱን መዛባት ሳታውቂ ገልብጠሽው ይሆናል። ራቅ ብለሽ ቁሚና አጉልተሽ አንሺ። ደማቅ ቀይ አበባ ላይ ደግሞ ካሜራው ቀዩን ይሞላውና የፔታሉ እጥፋት ሁሉ አንድ ወጥ ቀይ ሆኖ ይቀራል፤ ብርሃኑን ቀነስ አድርገሽ ማንሳት ይረዳል። ሐምራዊና ሰማያዊ ላይ ችግሩ ይብሳል። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ አበቦች ዓይናችን እምብዛም የማያየውን ጥልቅ ቀይ ብርሃን ያንጸባርቃሉ፤ ካሜራ ግን ከዓይናችን የበለጠ ይመዘግበዋል፤ ስለዚህ ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ፣ ሐምራዊው ወደ ሮዝ ያደላል። ፎቶን ለቅርጽ፣ ለመጠንና ለጥላ አቅጣጫ ተጠቀሚበት፤ ለቀለም አትመኚው።

ሐምራዊው የማይመጣልሽ ሁለተኛ ምክንያት ግን ቀለም ሳጥንሽ ውስጥ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ቀይና ሰማያዊ ሲደባለቅ ሐምራዊ ይሆናል ተብለን ነው ያደግነው፤ በተግባር ግን ብርቱካናማ የሚያደላ ቀይ ከሰማያዊ ጋር ሲገናኝ የሚሰጥሽ ቡናማ የመሰለ ደፍራሳ ነገር ነው። ምክንያቱ ቀዩ ውስጥ ያለው ቢጫ ነው፤ ቢጫ ሐምራዊን ይገድለዋል። ቀዩን ተዪና ክዊናክሪዶን ማጀንታ ወይም ክዊናክሪዶን ሮዝ ያዢ፤ ከአልትራማሪን ሰማያዊ ጋር ደባልቂው። የአይሪስን ሐምራዊ በዚህ ታገኚዋለሽ። ከሁለቱ ሌላ ቀለም መግዛትም አያስፈልግሽም።

ስለ ቀለም ከተነሳ አንድ ማስጠንቀቂያ። ለአበባ የሚያጓጉት ደማቅ ሮዝና ቀይ ቀለሞች መካከል ብርሃን የማይችሉ አሉ። ጥንታዊው አሊዛሪን ክሪምሰን፣ በኮዱ ፒ አር 83 የሚባለው፣ በውሃ ቀለም ሲቀጥን ይደበዝዛል። ኦፔራ ሮዝ በሚል የሚሸጡት የሚያበሩ ሮዞችም ድምቀታቸውን ያጣሉ። ቫን ጎግ በ1890 የሳላቸው ጽጌረዳዎች ሲሳሉ ሮዝ ነበሩ፤ ዛሬ ነጭ ሆነው ነው የሚታዩት፤ ቀይ ቀለሙ ብርሃን አልቻለም። ያንቺን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። እያንዳንዱን ቀለም ወረቀት ላይ ቀብተሽ ግማሹን በወፍራም ካርቶን ሸፍኚ፤ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ሁለት ሦስት ወር ተዪው። ካርቶኑን ስታነሺ ልዩነት ያሳየውን ቀለም ከሳጥንሽ አውጪ። ጥናት ደብተር ላይ ችግር የለውም፣ ሰው ግድግዳ ላይ ለሚሰቅለው ሥራ ግን አይሆንም።

ሃይድራንጂያ ላይ ቀለሙ ካምናው ቢለይብሽ ዓይንሽን አትጠራጠሪ። ሰማያዊና ሮዝ የሚሆነው ዓይነት ቀለሙ በአፈሩ ይወሰናል፤ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ተክሉ አሉሚኒየም መውሰድ ስለሚችል አበባው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ አልካላይን (የአሲዳማ ተቃራኒ) ሲሆን ወደ ሮዝ ይመለሳል። በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ሁለቱም ሊታዩ ይችላሉ። ሲያረጅ ደግሞ ብዙው ወደ አረንጓዴ ይዞራል፣ አንዳንዱ ጠርዙ ላይ የወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል። ይሄ ለውጥ ሳምንታት ይፈጃል፤ ላንቺ ደግሞ ጊዜ ይሰጥሻል፣ ከአራቱ አበቦችሽ በጣም ታጋሹ እሱ ነው።

ስለ ማድረቅ ጠይቀሻል። መልሴ፦ ለቅርጽ አዎ፣ ለቀለም አይ። መጽሐፍ ውስጥ ተጭኖ የደረቀ አበባ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የደም ሥሮቹንና የቅጠሉን ጠርዝ ለማጥናት ግን ጥሩ ነው። ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጥቃቅን እንክብል) ውስጥ የተቀበረ አበባ ሙሉ ቅርጹን ይዞ ይደርቃል፤ ቀዩ ግን ይጠቁራል፣ ነጩ ወደ ክሬም ይሄዳል። ሲሊካ ጄል ስትገለብጪ ብናኙ ይነሳልና አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። ሃይድራንጂያን እዚያው ቁጥቋጦው ላይ እንደ ወረቀት እስኪንሿሿ ድረስ ትተሽ ብትቆርጪው ያለምንም ዘዴ ይደርቃል። ደረቅ አበባ ይዘሽ የለመለመ አበባ ልስል ካልሽ ግን ደረቅነቱ ስዕሉ ላይ ይወጣል። ደረቁን እንደ ደረቅ ሳዪው፤ ያኔ ያምራል።

ወቅቱ ካለፈ በኋላ ግቢው ባዶ አይደለም። ካለፉት የጽጌረዳ አበቦች ጥቂቱን ሳትቆርጪ ብትተዪ ብዙ ዝርያዎች ቀይ ወይ ብርቱካናማ ፍሬ ያወጣሉ፤ ድርብርብ የሆኑት ግን ላያወጡ ይችላሉ። የአይሪስ የዘር ቋት በሦስት ተሰንጥቆ ዘሩን ተደርድሮ ያሳያል። ዳሊያ ላይ አዲሱ እምቡጥ ክብ ነው፤ አበባው ያለፈበት ደግሞ ሾጣጣ ነው፤ ይህንን ልዩነት አትክልተኛ ለመቁረጥ ይጠቀምበታል፣ ሰዓሊ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ይስላቸዋል። ፈረንሳዊውን ሰዓሊ ሞኔን አስቢው። ጂቨርኒ የሚባለው መንደር በ1883 ገባ፤ የውሃ ኩሬውን መሬት በ1893 ገዛ፤ እስከሞተበት እስከ 1926 ድረስ ያንኑ ኩሬ ደጋግሞ ሳለ፤ የውሃ አበባ ስዕሎቹ ወደ 250 ይጠጋሉ። የሚቀያየረው ብርሃኑ፣ ሰዓቱና ወቅቱ ነበር።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላም መትከል ካማረሽ ትከዪ፤ ግን ብዛት ሳይሆን ተራ ጠብቂ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚጀምር ምረጪ። ክሪሳንተመም ለምሳሌ እምቡጥ የሚያወጣው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ ስለዚህ ሌሎቹ ሲጨርሱ እሱ ይጀምራል። አንድ እንዲህ ያለ ተክል በአንድ ሳምንት ከሚፈኩ አሥር ተክሎች ይሻልሻል።

ሁለት ጥንቃቄ አትርሺ። ብሩሽ በከንፈርሽ አታሹዪ። ካድሚየምና ኮባልት ያለባቸው ቀለሞች አሉ፤ የአይሪስና የሃይድራንጂያ ጭማቂም ወደ አፍ የሚገባ አይደለም፣ አይሪስ ቆዳ የሚያሳክካቸው ሰዎችም አሉ። ወደፊት ሊሊ ቤት ውስጥ ልታስገቢ ካሰብሽና ድመት ካለሽ ደግሞ ተዪው፤ እውነተኛ ሊሊ ብናኙ እንኳ የድመትን ኩላሊት ይጎዳል፣ ይገድላልም። ኦሊያንደርም ከአበባው እስከ ግንዱ መርዝ ነው፤ ለማስቀመጫ አትቁረጪው።

እንግዲህ የምመክርሽ ይሄ ነው። ለሚቀጥለው አንድ ዓመት ዳሊያዋን ብቻ ያዢ። ያለፈውን እየቆረጥሽለት ከሄድሽ ወራት ያብባል፤ ስለዚህ አንዱ ቢያመልጥሽ ሌላው አለ። በሳምንት አንድ ገጽ ጥናት ሥሪ፤ አበባ ባይኖርም ሥሪ። ቅጠሉ ሲወጣ፣ እምቡጡ ሲከብድ፣ አበባው ከጀርባው ሲታይ፣ ፔታሉ ከታች ጀምሮ ሲጠወልግ፣ ግንዱ ሲጠቁር። ተክሉ ሲያርፍና ሥሩን ስታወጪው አፈሩን አራግፈሽ እሱንም ሳዪው፤ ያ የተንዠረገገ ሥር ከማንኛውም አበባ የማያንስ ቅርጽ አለው። ጥናቱን የምትሠሪው ሁሌ በአንድ ቦታ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይገባበት መስኮት አጠገብ ይሁን፤ ማታ የምትሠሪ ከሆነ የብርሃኑ ቀለም 5000 ኬልቪን አካባቢ የሆነና ሲአርአይው (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው) ከ90 በላይ የሆነ አምፖል ተጠቀሚ፤ አለበለዚያ የዛሬው ቀለም ከነገው ጋር አይነጻጸርም። ገጾቹን አታስውቢ፣ ለማንም አታሳዪ፣ ያልተሳካውንም አትቅደጂ። አሥራ ሁለት ገጽ ሳይሞላልሽ ደግሞ ያለቀለት ስዕል አትጀምሪ። ሲሞላ ገጾቹን ወለል ላይ ዘርጊያቸውና አብረው የሚሄዱትን ምረጪ፤ ቅንብሩን ከዚያ አውጪ፣ አበባ ባይኖርም።